አኪሌ ላውሮ፦ ከትራፕ ወደ ሳንሬሞ የተሻገረው ራፐር

የዘመኑ የጣሊያን ሙዚቃ ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ማኔስኪንን ነው የምትጠሩት። እነሱ በ2021 ሳንሬሞን ከማሸነፋቸው በፊት ግን እዛው መድረክ ላይ አገሩን በአለባበሱ ያነጋገረ ራፐር ነበር። ስሙ አኪሌ ላውሮ ይባላል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍነው።)

የመዝገብ ስሙ ላውሮ ዴ ማሪኒስ ነው። በ1990 ቬሮና ተወለደ፣ ሮም አደገ። አኪሌ የሚለው የመጣው ከመርከብ ነው። በ1985 ታጣቂዎች የጠለፏት የጣሊያን የመንገደኞች መርከብ አኪሌ ላውሮ ትባል ነበር፤ ሰዉ ስሙን ሲሰማ እሷን ያስታውስ ስለነበር እሱም በዛው ጸና። መርከቧ በነገራችን ላይ በ1994 እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ አቅራቢያ ነው ተቃጥላ የሰጠመችው።

ገና በአፍላነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ከታላቅ ወንድሙ ጋር መኖር ጀመረ። ራፕን ያገኘውም በወንድሙና ኳርቶ ብሎኮ በሚባለው የሙዚቃ ስብስብ በኩል ነው። በ2012 ባራባ የተሰኘ ሚክስቴፕ ለቀቀ፣ በ2014 ደግሞ የመጀመሪያ አልበሙን። ያኔ የሚያወራው ስለ ሰፈር፣ ስለ መንገድ ሕይወትና ስለ ገንዘብ ነው። እዛው ቢቆይ ኖሮ ከብዙዎቹ የትራፕ ልጆች አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር ብለን እናስባለን።

ለውጡ በ2018 ፑር ላሙር በተባለው አልበም ታየ፤ ትራፕን ከሳምባ ምት ጋር ቀላቀለው። ዋናው ፍንዳታ ግን የ2019ኙ ሳንሬሞ ነው። ሳንሬሞ ማለት ከ1951 ጀምሮ የሚካሄድ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያየው የዘፈን ውድድር ነው። ላውሮ እዛ ይዞ የቀረበው ራፕ ሳይሆን በጊታር የታጀበ ሮክ ነበር፤ ሮልስ ሮይስ ይባላል። ርዕሱ የአደንዛዥ ዕፅ ስም ነው ተብሎ ተከሰሰ፣ እሱ ካደ፤ 9ኛ ወጣ።

በ2020 ተመልሶ መጣ። ካባውን አውልቆ ሰውነት ላይ በተጣበቀ ስስ ልብስ ቆመ። ነገሩ ዝም ብሎ መራቆት አልነበረም፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮ የሀብታም አባቱን ልብስ አውልቆ የመለሰበትን የጆቶ ሥዕል ነው ያስመሰለው። በቀጣዮቹ ምሽቶች ዴቪድ ቦዊን፣ ማርኬዛ ካዛቲን፣ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ሆኖ ወጣ። ልብሶቹ የጉቺ ነበሩ። የዘፈኑ ርዕስ «ሜ ኔ ፍሬጎ»፣ ማለትም «ምን ገዶኝ» ነው። ይቺ ሐረግ የሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዞች መፈክር ስለነበረች እኛ አገር ጆሮ ላይ ሌላ ትዝታ አላት። ዘፈኑ ግን ስለ ፍቅር ነው።

የሚገርመው፣ በዛው 2020 ሁለት አልበም አወጣ፦ አንዱ 1990፣ ሌላው 1920። የመጀመሪያው የ90ዎቹ ዳንስ፣ ሁለተኛው ጃዝና ስዊንግ። ያው የጥንቱ ራፐር ነው!

ሁሉም ግን አልሰመረለትም። በ2022 ሳንሬሞን ሲከፍት መድረክ ላይ ውሃ አናቱ ላይ አፍስሶ ራሱን «አጠመቀ»፤ የከተማዋ ጳጳስ በግልጽ አወገዙት። ውጤቱም 14ኛ። ጣሊያንን መወከል ስላልቻለ ሳን ማሪኖ የምትባለውን ትንሽ አገር ወክሎ ቱሪን ላይ ዩሮቪዥን ገባ፣ ከግማሽ ፍጻሜ ሳያልፍ ቀረ። ሰውን ማስደንገጥ ብቻውን እንደማያዋጣ ያኔ የገባው ይመስለናል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ያየነው ሰውዬ ሌላ ነው።

በ2024 የጣሊያን ኤክስ ፋክተር ዳኛ ሆነ፣ በሱፍ ልብስ። በ2025 ሳንሬሞ ላይ ያለ ምንም ግርግር ቆሞ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ዘፈነና 7ኛ ወጣ። እስካሁን እዛ ካገኘው ደረጃ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። በዛው ክረምት ሮም ውስጥ የጥንት ሮማውያን ሰረገላ ይወዳደሩበት በነበረው ቺርኮ ማሲሞ ሁለት ምሽት ኮንሰርት አቀረበ።