ጋኔሽ ከጓዳ ወደ አደባባይ፦ የአንድ የሂንዱ በዓል ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ንግግሬ በምዕራብ ሕንድ፣ በተለይም በማሃራሽትራ ምድር፣ በየዓመቱ ስለሚከበረው የጋኔሽ በዓል ነው። በሙምባይና በፑኔ ጎዳናዎች ላይ የዝሆን ራስ ያለውን ግዙፍ ምስል አጅቦ ወደ ውኃ የሚወርደውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ሲደረግ የኖረ ይመስለዋል። እምነቱ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። በዛሬው መልኩ የሚታየው ሰልፍ ግን ሥር የያዘው ከ1893 ወዲህ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) እነዚህን ሁለት ዕድሜዎች ለይተን ካላየን የበዓሉን ትርጉም ለማወቅ የምናደርገው ጥረት ከንቱ ይሆናል።

ከቤቱ ልጀምር። በዓሉ ባድራፓዳ በሚባለው የሂንዱ ወር፣ ጨረቃ ከተወለደች በአራተኛው ቀን ይገባል፤ ይህም በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መካከል የሚውል ስለሆነ አንዳንድ ዓመት ከእኛ እንቁጣጣሽ ጋር ይጎራበታል። ቤተሰቡ ከሸክላ አፈር የተሠራ ትንሽ ምስል ገዝቶ ወደ ቤት ያስገባል። እዚህ ላይ «ጣዖት» ከማለት ይልቅ «ምስል» የምለው በምክንያት ነው፤ «ጣዖት» በቋንቋችን ስም ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ፍርዱን ከመመርመሩ በፊት ሊሰጥ አይገባውም። ምስሉ ሲገዛ ገና አፈር ነው። በልዩ ሥርዓት እስትንፋስ እንዲያድርበት ከተጸለየ በኋላ ግን ጋኔሽ በእንግድነት እንደ መጣ ይቆጠራል። ስለዚህ እንግዳ ይስተናገዳል፦ ቀይ አበባ ይቀርብለታል፤ እኛ ሰርዶ የምንለው ሣር ይቀርብለታል፤ ከሩዝ ዱቄት ተጠፍጥፎ፣ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር በውስጡ ተሞልቶ፣ በእንፋሎት የሚበስለው ሞዳክ የተባለው ምግብም ይቀርብለታል፤ ይህን ምግብ አብልጦ ይወዳል ይባላልና። እንግዳው እንደ ቤቱ ልማድ አንድ ቀን ተኩል፣ አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን ወይም እስከ አሥረኛው ቀን ይቆያል። ከዚያም ወደ ውኃ ይወሰዳል፤ አፈሩም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ የሚለምነው በሚመጣው ዓመት ፈጥኖ እንዲመለስ ነው። መለኮት ቅርጽ ይዞ ይመጣል፣ ቅርጹን ትቶ ይሄዳል፤ የበዓሉ ሃይማኖታዊ ትምህርት በአብዛኛው እዚህ ላይ ያርፋል።

አፈ ታሪኩ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ፓርቫቲ ገላዋን ስትታጠብ በር የሚጠብቅላት ልጅ ከገላዋ ቅባት ሠራች፤ ባሏ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባም አለው፤ ሺቫም በቁጣ አንገቱን ቆረጠ፤ የእናቱን ኀዘን ባየ ጊዜ ደግሞ የዝሆን ራስ ተክቶ ሕይወት ሰጠው። ጋኔሽ መሰናክልን የሚያነሣ፣ የጅማሬ ሁሉ ባለቤት የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በበዓሉ ሌሊት ጨረቃን መመልከት ክልክል ነው፤ በጋኔሽ ላይ ስለ ሳቀች ያያት ሰው በሐሰት ይከሰሳል ይላሉ። የሐሰት ክስ ነገር ኋላ ላይ በፖለቲካው ታሪክ ውስጥ ስለሚመጣ ይህችን ነጥብ አስታውሱልኝ።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ፑኔን መዲናቸው ያደረጉት የማራታ መሪዎች፣ ፔሽዋዎቹ፣ ለጋኔሽ ልዩ ፍቅር ነበራቸው፤ በዓሉንም በቤተ መንግሥታቸው በደመቀ ሁኔታ ያከብሩት ነበር። በ1818 እንግሊዞች ሥልጣናቸውን ሲያከትሙ የቤተ መንግሥቱ ድጋፍ ቀረ፤ በዓሉም በዋናነት ወደ ቤት ተመለሰ። ለሰባ አምስት ዓመታት ያህልም እዚያው ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት በፑኔ የአደባባዩ በዓል ሌላ ነበር፤ እርሱም የሙስሊሞቹ ሙሐረም ነው። የኢማም ሑሴንን ሰማዕትነት ለማሰብ ያጌጠ የመቃብር አምሳያ በሰልፍ ይወጣና በመጨረሻ ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ማራታዎች ይህን አምሳያ «ታቡት» ይሉታል። ከዐረብኛው የመጣ ቃል ሲሆን የእኛው «ታቦት» የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንድ የሴም ቃል በአንድ በኩል ወደ አክሱም በሌላ በኩል ወደ ደካን ተጉዞ በሁለቱም አገር ከሰልፍ ጋር መገናኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ በፑኔ ታቡቱን ያጀቡት ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም። ሂንዱዎችም ይሳተፉ ነበር፤ ከበሮ ይመቱ፣ ይጨፍሩ፣ ስለት ያስገቡም ነበር።

በ1893 ክረምት በቦምቤይ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ከባድ ግጭት ተነሣ። የፑኔ ሰው የሆነው ባል ጋንጋዳር ቲላክ፣ «ኬሳሪ» (ትርጓሜው «አንበሳ» ነው) በተባለው የማራቲ ጋዜጣው ላይ መንግሥት ለሙስሊሞች አድልቷል ብሎ ጻፈ። የጋኔሽ በዓል በአደባባይ መከበር የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። «ማን ጀመረው?» የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ የባውሳሄብ ራንጋሪ ደጋፊዎች እርሱ በ1892 ቀድሞ ጀምሮታል ይላሉ፤ የፑኔ ከተማ በ2017 የበዓሉን 125ኛ ዓመት ስታከብርም ይኸው ጠብ እንደገና ተቀስቅሷል። ለእኔ ክርክሩ ያን ያህል አያጓጓም። ሐሳቡ የማንም ይሁን፣ በጋዜጣው ኃይል ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከከተማ ወደ ከተማ ያዳረሰው ቲላክ ነው።

ይልቅ የሚያጓጓው የአዲሱ በዓል አሠራር ነው። ሰፈሩ በመዋጮ ትልቅ ምስል ያሠራል፤ ዳስ ይጥላል፤ ወጣቶች በቡድን ተደራጅተው አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፣ ግጥም እየዘመሩ በዱላ ይጨፍራሉ፤ በአሥረኛው ቀን የሰፈሩ ሁሉ ምስሎች በአንድ ሰልፍ ወደ ውኃ ይወርዳሉ። ይህን ከሙሐረሙ ሰልፍ ጋር አስተያዩት። ከበሮው፣ የወጣቶቹ ቡድን፣ የሰፈር ፉክክሩ፣ የመጨረሻው የውኃ ጉዞ፤ ሁሉም ከዚያ የተወረሰ ይመስላል። ሂንዱዎቹ የሙሐረምን ታቡት እንዲተዉ ሲነገራቸው በምትኩ የተሰጣቸው በዓል የታቡቱን ቅርጽ የያዘ ነበር። ከመሃላቸው የወጡት ዘማሪ ቡድኖች፣ ሜላ የሚባሉት፣ ሂንዱዎችን ስለ ምን የሌላውን በዓል ታከብራላችሁ እያሉ ይወቅሱ ነበር። በ1894 በፑኔ ሙዚቃ እየመታ በመስጊድ አጠገብ ያለፈ ቡድን ከሙስሊሞች ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ የሂንዱዎች የሙሐረም ተሳትፎ ክፉኛ ቀነሰ።

ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው፣ በብዙ መጻሕፍት በዓሉ «ሕዝቡን በቅኝ ገዢ ላይ ያስተባበረ» ተብሎ ብቻ ስለሚተረክ ነው። ትረካው ሐሰት አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1858 ባወጣችው አዋጅ መንግሥቷ በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ገብታ ነበር፤ ስለዚህ በፖለቲካ ስም የማይፈቀደው ስብሰባ በጋኔሽ ስም ሊካሄድ ቻለ። በዳሱ ሥር ንግግር ይደረጋል፣ ስለ አገር ሀብትና ስለ አገር ልብስ ይሰበካል፣ የእንግሊዝን አስተዳደር የሚነቅፍ ግጥም ይዘመራል። ቲላክ በ1897 በጋዜጣው ጽሑፍ ምክንያት በመንግሥት ላይ ጥላቻ በማነሣሣት ተከሶ አሥራ ስምንት ወር ተፈረደበት፤ በ1908 ደግሞ ለስድስት ዓመት በርማ ወደምትገኘው ማንዳላይ ተጋዘ። በደጋፊዎቹ ዘንድ ክሱ በንጹሕ ሰው ላይ የተመዘዘ የሐሰት ክስ ነበር፤ የጨረቃዋን ተረት ያስታወሰ ሰው በዘመኑ አልጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ያው በዓል በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፦ አንዱን ሕዝብ በአንድ ዳስ ሥር ሲሰበስብ፣ ሌላውን ከዳሱ ውጭ ያስቀር ነበር።

ቲላክ ሁለተኛ በዓልም አስፋፍቷል፤ የማራታ መንግሥት መሥራች የሺቫጂን መታሰቢያ። እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። የሺቫጂ አባት ሻሃጂ በ1624 በባትቫዲ ጦርነት የተዋጋው በማሊክ አምባር ሥር ነው፤ ማሊክ አምባር ደግሞ ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተወስዶ የአህመድናጋር ሡልጣኔት እንደራሴ እስከ መሆን የደረሰ ሙስሊም ነበር። በበዓሉ ላይ የሂንዱ ጀግንነት አርማ የሆነው ቤተሰብ በሐበሻ ሙስሊም አዝማች ሥር የጦር ሥራ የሠራ ቤተሰብ ነው። የበዓል ትዝታ እንዲህ ያለውን ነገር በአብዛኛው አይሸከምም።

ከዳሱ የቀሩት ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም። ቲላክና ባልደረቦቹ በአብዛኛው ብራህሚኖች ነበሩ። በ1920ዎቹ ብራህሚን ያልሆኑ የፑኔ ወጣቶች የራሳቸውን ሜላ አቋቁመው፣ በዚያው በጋኔሽ በዓል፣ የብራህሚኖችን የበላይነት በግጥም ይነቅፉ ጀመር። ቲላክ የፈጠረው መሣሪያ በወገኖቹ ላይ ዞረ ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ካሽማን በ1975 ባሳተመው፣ የቲላክን ዝና በመረመረበት መጽሐፍ፣ የበዓሉን የማስተባበር ኃይል ያጋነኑትን ተችቷል። እኔም ከሞላ ጎደል እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ልዩነት አለኝ። በዓሉ ቲላክ ካሰበው በላይ የብዙዎች ሆኗል፤ ይህም የሆነው እርሱ ባላሰበው መንገድ ነው።

ለምሳሌ የሙምባይን ላልባግ እንውሰድ። በ1932 የገበያ ቦታቸው የተዘጋባቸው ዓሣ አጥማጆችና ነጋዴዎች ቋሚ ገበያ ብናገኝ ብለው ተሳሉ፤ ቦታው ተሰጣቸው፤ በ1934 ምስል አቆሙ። ዛሬ «ላልባግቻ ራጃ»፣ የላልባግ ንጉሥ፣ የሚባለው እርሱ ነው፤ ስለት ያለበት ሰው ፊቱን ለማየት ለሰዓታት ይሰለፋል። እዚያ ዳስ ውስጥ የቲላክን ፖለቲካ የሚፈልግ አያገኘውም፤ የሚያገኘው የሥራ፣ የልጅና የጤና ልመና ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ማኅበሩ ምስሉን ሳያቆም ቀርቶ በቦታው ደም አሰባስቧል።

አዲስ ጭንቀትም አለ። ምስሎቹ እየገዘፉ ሲሄዱ አፈር ቀርቶ ጄሶ መጣ፤ ጄሶ ደግሞ ውኃ ውስጥ በቶሎ አይሟሟም፤ ቀለሙም ውኃውን ይመርዛል። የሕንድ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በ2020 ባሻሻለው መመሪያ የጄሶ ምስሎችን ከልክሏል፤ ሆኖም ኑሯቸው በዚያ የተመሠረተ ሠራተኞች አሉና ነገሩ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። በሥነ ሥርዓቱ ዓይን ካየነው ጥያቄው ከአካባቢ ጥበቃ በላይ ነው። እንግዳው ቅርጹን ትቶ መሄድ ካልቻለ፣ በማግስቱ በባሕሩ ዳር እጁና ኩምቢው ተሰብሮ ከተገኘ፣ የስንብቱ ሥርዓት ተፈጽሟል ማለት ይቻላል ወይ?

የማሃራሽትራ መንግሥት በ2025 በዓሉን የክልሉ በዓል ብሎ አውጆታል። በዚያው ክልል፣ በሳንግሊ አውራጃ፣ ጎትኪንዲ የምትባል መንደር አለች። የዚያ መንደር ሰዎች ለበርካታ አሥርት ዓመታት በየዓመቱ የጋኔሽን ምስል የሚያስቀምጡት በመስጊዱ ውስጥ ነው፤ በዝግጅቱም ሙስሊሞቹ ይሳተፋሉ።