ድምፅ የተቆጠበበት ቀን፦ ኢትዮጵያ እና የፍልስጤም ጉዳይ



ያደግሁት በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። በልጅነቴ «ኢየሩሳሌም» ከቤተ ክርስቲያን፣ «ፍልስጤም» ደግሞ ከሬዲዮ ዜና የምሰማቸው ስሞች ነበሩ። ስለ አንድ ምድር የሚነገሩ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መንግሥታችን ግን ሁለቱን ነጣጥሎ የማየት ዕድል አልነበረውም።

ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤምን ለመክፈል በቀረበው ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፃቸውን ቆጠቡ። ከአፍሪካ የነበሩት አባላት አራት ብቻ ነበሩ፤ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ደገፉ፣ ግብፅ ተቃወመች፣ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

ይህን ተአቅቦ ወላዋይነት የሚሉት አሉ። እኔ አልስማማም። የኤርትራ ዕጣ ገና አልተወሰነም ነበር፤ የአረብ አገሮችን ማስቀየም ዋጋ ያስከፍል ነበር። በዴር ሡልጣን ደግሞ መነኮሳቶቻችን ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲወጡ ያረፉት በኢየሩሳሌም ነው። ከጦርነቱ በኋላ የገዳሙ አቤቱታ ለዮርዳኖስ፣ ከ1959 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለእስራኤል የሚቀርብ ሆነ። መነኮሳቱ ከቦታቸው ሳይነሡ ገዢው ተለወጠባቸው።

በእነዚህ ስሌቶች ውስጥ ፍልስጤማውያን ራሳቸው የሉም። የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያ ስለ እነርሱ የወሰነችው ዘወትር ሌላ ጉዳይ እያሰበች ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ያንኑ እያደረጉ ነበር፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ የሆነች አገር ተለይታ መቆም ይከብዳት ነበር። በጣም የሚያስገርመኝ ግን የደርግ መጨረሻ ዘመን ነው። የፍልስጤም መንግሥት በአልጀርስ በኅዳር 1981 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዕውቅና ሰጠች። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1982 ዓ.ም. መባቻ፣ ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሰች። የሶቪየት ድጋፍ እየሳሳ፣ በሰሜን ያለው ጦርነት እየከፋ ነበር፤ ሁለተኛው ውሳኔ ከዚህ ጭንቀት ተነጥሎ አይነበብም። የመጀመሪያው ግን አልተሻረም።

ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ፍልስጤም አባል ያልሆነች ታዛቢ መንግሥት እንድትሆን በዚያው ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ድጋፏን ሰጠች። ከተአቅቦው ቀን 65 ዓመት ሆኖት ነበር።