ካብና ውኃ

ከትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ ግርጌ ቆሞ የነበረው የሲሚንቶ ግንብ ባለፈው ዓመት በነሐሴ ተደረመሰ። እኛ ተማሪዎቹ አፈሩ ከብዶት ነው ብለን ነበር። ፍርስራሹን ስናነሣ ግን ከጀርባው ውኃ ተኝቶ አገኘን፤ ለካስ ግንቡ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አልነበረውም። የታሪክ መምህራችን ይህን አይተው፣ «የኮንሶ ሰዎች እንዴት አድርገው አቆሙት?» ሲሉ ጠየቁን።

የኮንሶ ሕዝብ ድንጋያማውን ተራራ በእርከን ከፍሎ ማሽላውን ማብቀል ከጀመረ ከ400 ዓመት በላይ ነው፤ በትውልድ ቢቈጠር 21 ይሆናል። ካቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሲሚንቶም ጭቃም የለበትም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተገጣጥሞ የቆመ ስለሆነ አፈሩን ይዞ ያስቀራል፣ የተረፈውን ውኃ ግን በየስንጥቁ ያሳልፋል። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. አገሩን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኛን ይበልጥ የደነቀን ግን ጥገናው ነው፤ አንዱ ካብ ተንዶ ዝም ከተባለ የላዩ እርከን የታቹን ይዞ ይወርዳልና።

እኛም መሠረቱን ጠንካራ መሬት ላይ አሳርፈን፣ ትልልቁን ድንጋይ ከታች አድርገን፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ ጥቂት አዘንብለን ካብን። ከጀርባው ጠጠር ሞላን፤ ጠጠሩን ከወንዝ በጆንያ ስንሸከም ያጕረመረምን አልጠፋንም። ዘንድሮ በሰኔ ዝናቡ ሲጥል፣ ከካቡ ግርጌ የጠራ ውኃ ሲንጠባጠብ ቆመን አየን።