የኮርድ ንድፍ አዘገጃጀት፦ ከጊታር እስከ ክራር

ክራርም ሆነ ጊታር በአብዛኛው የሚለመደው የመምህርን እጅ በማየትና በጆሮ በመስማት ነው። መምህሩ ርቆ ሲኖር ግን ተማሪው ጣቱን የት እንዳሳረፈ ለማስታወስ ይቸገራል። ለዚህ ከሚያግዙ መላዎች አንዱ የኮርድ ንድፍ ነው። ቀድሞ በእጅ ይሣል የነበረው ይህ ንድፍ ዛሬ በኢንተርኔት በሚገኙ ነፃ መሣሪያዎች በጥቂት ደቂቃዎች ይዘጋጃል።

ንድፉ እንዴት ይነበባል?

ኮርድ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆች በአንድነት ሲሰሙ የሚፈጠር ውሕድ ድምፅ ነው። በጊታር ንድፍ ላይ ቋሚ መስመሮች አውታሮችን፣ አግድም መስመሮች ደግሞ በአንገቱ ላይ የተተከሉትን ፍሬቶች ያመለክታሉ። ጥቁር ነጥብ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ሲያሳይ፣ ቁጥሩ የትኛው ጣት እንደሆነ ይናገራል፤ 1 አመልካች፣ 2 የመሐል፣ 3 የቀለበት፣ 4 ትንሿ ጣት ናት። ከአውታሩ በላይ ክብ ምልክት ካለ አውታሩ ሳይጫኑት ይመታል፤ የኤክስ ምልክት ካለ ግን ድምፅ እንዲያሰማ አይፈለግም።

ለምሳሌ በዶ ሜጀር ኮርድ አመልካች ጣት 2ኛውን አውታር በ1ኛው ፍሬት፣ የመሐል ጣት 4ኛውን በ2ኛው ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 5ኛውን በ3ኛው ፍሬት ይጫናሉ። 1ኛውና 3ኛው አውታር ክፍት ሆነው ይመታሉ፤ ወፍራሙ 6ኛው አውታር ግን አይመታም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

እንደ ቾርድፒክ ያሉ መሣሪያዎች በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር በኢንተርኔት መክፈቻ ይሠራሉ። በመጀመሪያ የአውታሮቹና የፍሬቶቹ ቁጥር ይመረጣል። ቀጥሎ ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ተነክተው ነጥብ ይደረግባቸዋል፤ ክፍት የሆኑትና የማይመቱት አውታሮች ይለያሉ፤ የኮርዱ ስም ይጻፋል። በመጨረሻም ሥዕሉ ይወርዳል። ፒኤንጂ የተባለው የፋይል ዓይነት በስልክ ለመላክ ምቹ ነው፤ ኤስቪጂ ደግሞ ለኅትመት ሲሰፋ አይደበዝዝም። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ሙዝስኮር የተባለው ነፃ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ያገለግላል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ንድፍ ለማዘጋጀት ያስችላል።

ለክራር ሲሆን

ክራር አንገትም ፍሬትም የለውም። ኮርድን ከስሙ ብቻ ተነሥተው የሚያወጡ መሣሪያዎች የሚያሰሉት በጊታር አቃኘት በመሆኑ፣ ውጤታቸው ለክራር አይሆንም። ክራር በመምቻ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ነክተው ያፍናሉ፤ ያልተነኩት ይሰማሉ። ስለዚህ ባለ ስድስት አውታር ክራር ላለው ሰው ስድስት አውታሮችን መምረጥ፣ የፍሬቱን ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ማውረድ፣ ከዚያም ለሚሰማው አውታር ክብ፣ ለሚታፈነው ኤክስ ማድረግ በቂ ነው።

ሆኖም ቅኝቱ ያልተጻፈበት የክራር ንድፍ ያሳስታል። ስድስቱ አውታሮች ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ ሲቆጠሩ በሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና የላይኛው ዶ ተብለው ተቃኝተዋል እንበል። 2ኛው እና 5ኛው ታፍነው ሌሎቹ ሲመቱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይሰማሉ፤ ይህም ዶ ሜጀር ኮርድ ነው። ክራሩ ወደ ማይነር ትዝታ ሲቃኝ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ያው ንድፍ፣ ያው የጣት አቀማመጥ፣ አሁን ዶ ማይነር ኮርድን ይሰጣል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም የየራሳቸው የድምፅ ርቀት ስላላቸው ለእያንዳንዱ ቅኝት የተለየ ንድፍ ያስፈልጋል።

በመሆኑም ከንድፉ በላይ የቅኝቱ ስም፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ደግሞ የድምፁ ስም ሊሰፍር ይገባል። የአውታሮቹ አደራደር ከመምህር መምህር ሊለያይ ስለሚችል፣ ሥዕሉ ተማሪው በእጁ የያዘውን ክራር መከተል አለበት።

እንዲህ የተዘጋጀ ንድፍ ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወይም በስልክ ቢቀመጥ ተማሪው ያለ መምህር ሲለማመድ ያግዘዋል። ነገር ግን ንድፉ የጣትን ቦታ እንጂ የአመታቱን ስልትና የዜማውን ለዛ አያስተምርም። እነዚህን ከባለሙያው ዘንድ ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል፤ ንድፉም የሚጠቅመው ክራሩ በትክክል ከተቃኘ በኋላ ነው።