ሹራና የምርጫ ሣጥን

ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ «አሽ-ሹራ»፣ ማለትም «መመካከር» ተብሎ መሰየሙ በከንቱ አይደለም። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በቆሰሉ ጊዜ የተተኪውን ጉዳይ ለስድስት ሶሐቦች ተዉት። ከስድስቱ አንዱ አብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ራሳቸውን ከዕጩነት አውጥተው፣ ለሦስት ቀን የመዲናን ሰው ሐሳብ ሲጠይቁ መሰንበታቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ልብ እንበል! ሰዉ የተጠየቀው ዑስማንና ዐሊ (ረ.ዐ) ሁለቱም በፊቱ እያሉ ነው። ጥያቄ ጥያቄ የሚሆነው ከአንድ በላይ መልስ ሲኖረው ነውና።

በዚህ ሚዛን የአገራችንን ምርጫ ብንመዝን ምን እናገኛለን?

በ1948 የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት እንዲመርጥ ፈቀደ። ነገር ግን ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ የሚሆነውም ንብረት ያለው ብቻ ነበር። በ1979 ደርግ ብሔራዊ ሸንጎ ሲያስመርጥ ፓርቲ ነበረ፤ እርሱም ኢሠፓ ብቻ ነበር።

ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ። በሽግግሩ ዓመታት ኅዳር 29 ቀን 1987 አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ። አንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ለእኩልነት አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች የጮኹለት ጉዳይ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕግ ሰፈረ ማለት ነው።

ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ለፓርላማው 547 መቀመጫዎች የመጀመሪያው የመድበለ ፓርቲ ምርጫ ተደረገ። ይሁንና ኦነግ በ1984 ከሽግግር መንግሥቱ ወጥቶ ነበር፤ መአሕድና ሌሎች ተቃዋሚዎችም አልተወዳደሩም። ተቃዋሚዎቹ «በነፃነት እንዳንሠራ ተከለከልን» አሉ፤ ገዥው ወገን «ሽንፈት ፈርተው ነው» አለ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ አብዛኛውን ወንበር ያዙ። ሣጥኑ ነበረ፣ ወረቀቱም ነበረ፤ ሁለተኛው መልስ ግን በብዙ ቦታ ጠፋ። ያ ጅምር እያደገ ሄዶ በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ገቡ።

የከተማችን የሐዋሳ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ግንቦት 16 ቀን 1994 በሎቄ የሰልፈኞች ደም ፈሰሰ። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ለሕዝብ የቀረበው ግን ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትም ሰው ሞቷል። በወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክቶች ነበሩ፤ ሻፌታና ጎጆ። ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ሻፌታን መረጠ። ውጤቱ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነውር አይደለም፤ መራጩ ሌላውን መልስ አይቶ ትቶታልና። ነውሩ ጥያቄው እስኪቀርብ የፈሰሰው ደም ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ድምፅ ምስክርነት ነው። ምስክርነትን መደበቅ ወንጀል መሆኑን፣ በሐሰት መመስከርም ከታላላቅ ኃጢአቶች መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ ድምፃችንን ለጎሣ ወይም ለጥቅም አንሽጥ። ሥልጣን የያዘም ይስማ፤ መልሱን አስቀድሞ ዘግቶ ሰውን መጠየቅ ሹራ አይባልም።

ወላሁ አዕለም።