ግድግዳው የማን ነው? ከ1967ቱ ዘመቻ እስከ እሑድ ሥራችን



ባለፈው ስብሰባችን ላይ «አዲስ ክፍል እንከራይና እንደ በፊቱ ራሳችን እናድሰው» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ግማሾቻችን አጨበጨብን፣ ግማሾቻችን ዝም አልን። ዝም ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ሥራውን ጠልቼ አይደለም። የቡርጅ ሐሙዱን ክፍል ስናድስ የሆነውን ስላልረሳሁ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እናቴ ያየችውን ስለማውቅ ነው። በስብሰባው ሰዓቱ ስለጠበበ አልተናገርኩም፤ እዚህ ልጻፈው።

እናቴ ዘማች ነበረች። ከመካከላችን ልጆች የሆናችሁት ይህን ቃል ስትሰሙ ጦርነት ይመስላችኋል። እሷ የዘመተችው ግን በደብተርና በአካፋ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን በይፋ አስጀመረ። ንጉሡ ከወረዱ ገና ሦስት ወር አልፎ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ በየገጠሩ ተመደቡ። ፊደል ማስተማር፣ ገበሬውን ማደራጀት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ መሥራት ነበር የታዘዙት። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ የሚለው አዋጅ ወጣ። አዋጁን ለገበሬው የማስረዳቱ ሥራም በእነዚሁ ልጆች ትከሻ ላይ ወደቀ።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ በደርግ የተጀመረ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመንም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ይደረግ ነበር። ተባብሮ መሥራት ደግሞ ከሁለቱም መንግሥታት በፊት የነበረ ነው። ያደግንበት ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለአንቺ ከሠራሁ ነገ አንቺ ለእኔ ትሠሪያለሽ፣ ጉልበት እንደ ገንዘብ ይበደራል፣ ይመለሳል። ደቦ አለ፤ የጠራው ሰው ጠላውንና ምሳውን ያዘጋጃል፣ የተጠራው በዘፈን ይሠራል። በወንፈልም በደቦም ማን ለማን እንደሚሠራ፣ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ይታወቃል። ቤቱ የማን እንደሆነም ይታወቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዘመቻው ግን እንደ ደቦ በጥሪ የሚሄዱበት አልነበረም። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን አይቀጥልም፣ ሥራም አይቀጠርም ተባለ። እናቴ «ግማሹ በፍቅር ሄደ፣ ግማሹ በፍርሃት፣ እኔ በሁለቱም» ትላለች። ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። የተመደበችው አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አካፋ ነክታ አታውቅም።

ጣቢያው እንደደረሱ መጀመሪያ የሆነው ነገር ምን መሰላችሁ? ወንዶቹ ለግንባታ ተመደቡ፣ ሴቶቹ ለወጥ ቤት። ሰለ እኩልነት ሲዘመር ተውሎ ማታ ሽንኩርት የምትልጠው ሴቷ ናት። እናቴን ከወጥ ቤት ያወጧት የቡድን መሪዎቹ አይደሉም፣ የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ባሕር ዛፉን አቁመው፣ ማገሩን አስረው ሲጨርሱ ግድግዳ መምረግ ተራው የሴቶች ሆነ። አንዲት አሮጊት መጥተው እናቴን በእጇ ይዘው ወደ ጭቃው ወሰዷት። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉም። በእጅ ነው ያስተማሯት።

እሷ እንደምትነግረኝ ጭቃ ዝም ብሎ አፈርና ውኃ አይደለም። አፈሩ ይመረጣል፤ ጭድ ይገባበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ለቀናት ይቦካል። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፣ በኃይል ይወረወራል፣ በማገሩ መካከል ይገባና ይነክሳል። እሱ ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረብሽ አብሮ ይወርዳል። እናቴ በመጀመሪያው ቀን የለጠፈችው ሌሊቱን ተንሸራትቶ መሬት ላይ አደረ። አሮጊቷ ሳቁ፣ እንደገና አስጀመሯት። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ሌሎቹን ሴት ዘማቾች ታሳይ ጀመር።

የዘመቻው ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ ተማሪው ገበሬውን አስተማረ ነው የሚባለው። እውነት ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊደል ቆጥረዋል። ግን ቤት መሥራትን ማን ለማን አስተማረ? የከተማው ልጅ ሙያ የተማረው ከገበሬውና ከገበሬዋ ነው። ይህን የሚመዘግብ ሰው አልነበረም።

በእናቴ ጣቢያ ሁለት ቤት ነበር የተሠራው። አንደኛው መንደሩ ራሱ የጠየቀው የመማሪያ ክፍል ነው፤ እንጨቱን ያዋጡት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ከላይ በትእዛዝ የመጣ የዕቃ ማከማቻ ነው። ለሁለቱም ቆርቆሮ ይመጣል ተባለ። ቆርቆሮው አልመጣም። ክረምቱ ግን በጊዜው መጣ። ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የዕቃ ማከማቻው ፈረሰ። የመማሪያ ክፍሉን ግን ገበሬዎቹ በደቦ ተጠራርተው በሣር ከደኑት። ማንም አላዘዛቸውም። የራሳቸው ስለሆነ ነው።

ዘመቻው መጨረሻው አላማረም። ተማሪዎቹ ከባላባቶቹ ጋር ተጋጩ፣ የሞቱም አሉ፤ ከመንግሥት ጋርም ተቃቃሩ። በ1968 ዓ.ም. ዘመቻው ሲዘጋ ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ጥለው ሄደው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን የቀይ ሽብር ዘመን ሁላችሁም ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችኋል። እናቴ ተረፈች፣ ግን ትምህርቷን አልቀጠለችም። የሰጧት ወረቀት «ተሳትፋለች» ይላል፤ ምን መሥራት እንደምትችል አንድ ቃል የለበትም። እሷ ግን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የቤታችንን ግድግዳ ራሷ ታድስ ነበር። ሰፈር ውስጥ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ሁሉ እሷን ነበር የሚጠራው። ስንት ነው ያላት ሰው ግን አላስታውስም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእኛ እንደ እኛ ተሰደው የመጡም ነበሩበት። በማግሥቱ መንገዱን የሞላው ወጣት ነው፣ መጥረጊያና አካፋ ይዞ። ከእኛም ብዙዎች ወጥተን መስታወት ጠርገናል። የቡርጅ ሐሙዱ ክፍላችን መስኮቱ ረግፎ፣ ልስኑ ተፈነቃቅሎ ነበር። ድሮም በእርጥበት የሻገተ ክፍል ነው። ባለቤቱ «እኔ ገንዘብ የለኝም፣ ከፈለጋችሁ እናንተ ጠግኑት» አለን። እኛም እሺ አልን። በቃል።

ስድስት ልጆች ፈቃደኛ ሆኑ፤ ትልቋ 27 ዓመቷ ነበር። ልስን የሚሠራ ሶሪያዊ ጎረቤት በነፃ ሊያሳየን ተስማማ። «ሙዓለም» እንለው ነበር፣ እዚህ እንደሚባለው። ስምንት እሑድ ፈጀብን። የላላውን ልስን በመሮ አራገፍን። ግድግዳውን ውኃ አርከፈከፍንበት፤ ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውኃ ይጠጣና ልስኑ ሳይጠነክር ይረግፋል። ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ። በፍራታሶ ማለስለስ፣ መጠበቅ፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም ሁለት ጊዜ። አንዷ ልጅ የቀባችው ስቱኮ ሳይደርቅ ቀለም ደርባበት ልክ እንደ እናቴ ጭቃ ተላጠ። እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ልጅቷ የተቆጣሁ መስሏት ነበር።

አምስት ወር ተቀመጥንበት። በስድስተኛው ወር ባለቤቱ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ «በጣም አምሯል» አለ። ከዚያ ኪራዩን እጥፍ አደረገው። ምን ይዘን እንከራከር? ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ፤ ከመካከላችን መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ስንቷ ነበረች። ዕቃችንን ጭነን ወጣን። ግድግዳው እዚያው ቀረ።

ታዲያ በዝም ብዬ የቆየሁት ለዚህ ነው። አሁን ግን ሳስበው «አናድስ» ማለትም ልክ አይደለም። ከስድስቱ ልጆች አንዷ አገር ቤት ገብታለች። አዳማ ውስጥ ከቀለም ቀቢዎች ጋር ትሠራለች፤ ድንጋይና አሸዋ ተሸካሚ ሆና ሳይሆን ስቱኮ ቀቢ ሆና። በሁለቱ መካከል ያለውን የቀን ሒሳብ ልዩነት የግንባታ ቦታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ግድግዳውን ወሰደ እንጂ እጇን አልወሰደም። አሮጊቷ ለእናቴ የሰጧትም እሱን ነው።

የእኛ ሥራ ሁልጊዜ ሙያ አይባልም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የማዳምን ቤት የያዘች ሴት አገሯ ስትገባ «ምን ትችያለሽ?» ስትባል አንገቷን ትደፋለች። እና የሠራነውን ራሳችን ካልቆጠርነው ማን ይቆጥርልን? ስለዚህ ለሚመጣው ስብሰባ ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ውል በጽሑፍ። አንዲት ምስማር ከመምታታችን በፊት የኪራዩ ዘመን፣ የኪራዩ መጠንና ለማደሻ ያወጣነው ወጪ ከኪራዩ እንደሚቀነስ በዓረብኛ ተጽፎ ይፈረም። በደቦ ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል ብያችሁ የለ? እዚህ የሚያሳውቀው ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገብ። እያንዳንዷ ልጅ በየትኛው እሑድ ምን እንደተማረች፣ ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ ማን እንዳሳያት በማኅበሩ ደብተር ይጻፍ። «ተሳትፋለች» አይበቃም። «ልስን፣ ስቱኮ፣ ቀለም ችላለች» ይባል። አገር ቤት ከትምህርት ቤት ውጭ በሥራ የተለመደ ሙያም በብቃት ምዘና ሊታይ ይችላል፤ ስንወጣ የቤት አያያዝ የተፈተንንበትን ሲኦሲ አስታውሱ። ሲመለሱ በግንባታ ሙያ የማይቀመጡበት ምክንያት የለም። ደብተሩ ለምዘናው ማስረጃ ባይሆን እንኳ ልጅቷ ምን እንደምትችል ለራሷ ያስታውሳታል።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ። እሑድ ለብዙዎቻችን ብቸኛዋ ቀን ናት፤ እሑድ የሚባል የሌላቸውም አሉን። ያልመጣችውን «ሰነፍ» አንበላት፣ ከማኅበሩም ጥቅም አንቀንስባት። ግማሹ በፍርሃት የሚመጣበት ሥራ እንዴት እንደሚያልቅ አይተናል። ምሳውም በተራ ይሠራ። ስድስት ቀን ወጥ ቤት የዋለች ሴት በሰባተኛው ቀን እዚህም ሽንኩርት ስትልጥ እንዳናያት። ፍራታሶውን ለእሷ ስጧት።

እናቴ አሁን አርጅታለች፣ ጉልበቷ አይታጠፍም። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለዚህ ጽሑፍ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጣሪያውስ? ያፈሳል ወይስ አያፈስም?»

አዲሱን ክፍል ስናይ መጀመሪያ ቀና ብለን ጣሪያውን እንይ። በሚቀጥለው ስብሰባ ያገናኘን።