ትንሺቱ ኦስቲንና የቤተ ሰብ ጋራዥ

ብዙ ሰዎች ታላቅ ሥራ የሚወጠነው በታላቅ ፋብሪካ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። እኛ ግን የአውቶሞቢልን ታሪክ ስንመረምር ከዚህ የተለየ ነገር አገኘን። ይኸውም ቤተ ሰብ በትርፍ ጊዜው አሮጌ መኪና እየፈታ፣ ጣራ የሌላት ፈጣን የስፖርት መኪና አድርጎ እንደ ገና የመሥራት ልማድ ነው። ለዚህም ዋና ምሳሌ የምትሆነን ኦስቲን ሰባት የተባለችው የእንግሊዝ መኪና ናት። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1921 ዓ.ም. ሰር ኸርበርት ኦስቲን ትንሽ መኪና ለመሥራት ባሰቡ ጊዜ የኩባንያቸው ዲሬክተሮች አልተስማሙም። እርሳቸው ግን ስታንሊ ኤጅ የተባለውን ንድፍ አውጪ ከፋብሪካው ወስደው በገዛ ቤታቸው፣ በቢሊያርድ መጫወቻው ክፍል ሥራውን ጀመሩ። ኤጅ ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ፤ የእኛ እኩያ ማለት ነው። መኪናይቱም በ1922 ዓ.ም. ወጥታ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ 290,000 ያህል ተሠራች።

በቤት ለሚሠሩ ሰዎች የተመቸችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሻንሲዋ ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ ቀላል ብረት ነው። ቦዲው በላዩ የተቀመጠ ስለ ሆነ ብሎኖቹ ሲፈቱ ይነሣና በምትኩ ሌላ ይገጠማል። ሞተሯም 747 ሲሲ ብቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የሚሠራው አዲስ መኪና አብዛኛው ወደ ውጭ ይላክ ስለ ነበረ ለአገሬው አልዳረሰም። አሮጌ ኦስቲን ግን በጥቂት ገንዘብ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች አሮጌውን ቦዲ ጥለው፣ በእንጨት አጽም ላይ የአሉሚኒየም ላሜራ እየመቱ የስፖርት መኪና አበጁ።

ከነዚህ አንዱ በለንደን የምሕንድስና ተማሪ የነበረው ኮሊን ቻፕማን ነው። በእጮኛው በሄዝል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጓሮ፣ እርስዋም እየረዳችው፣ በ1948 ዓ.ም. አንዲት አሮጌ ኦስቲን እንደ ገና ሠራ። ቦዲውን ያጠናከረው ከአውሮፕላን አሠራር በተማረው ዘዴ ነበር። የመጀመሪያይቱ ሎተስ ይህች ናት። ሎተስም ከ1963 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ በፎርሙላ አንድ የሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮንነት 7 ጊዜ አግኝቷል።

ይኸው ልማድ በሩቅ ኒው ዚላንድም ነበረ። ብሩስ ማክላረን በሕፃንነቱ በዳሌው ሕመም ምክንያት ለብዙ ጊዜ ከአልጋ ውሎ ነበር። ከዳነም በኋላ አንድ እግሩ አጥሮ ቀረ። አባቱ በኦክላንድ ከተማ ጋራዥ ነበራቸው፤ ኦስቲን ኧልስተር የምትባል፣ የተበላሸች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ገዝተው አባትና ልጅ አብረው አደሷት። ብሩስ በ1952 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወዳደረው በዚህች መኪና ነው። በ1963 ዓ.ም. የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1968 ዓ.ም. የቤልጅግን ግራን ፕሪ በራሱ መኪና አሸነፈ። ዳሩ ግን ይህ ሥራ አደጋ አለበት፤ ብሩስ ሰኔ 2 ቀን 1970 ዓ.ም. አዲስ መኪና ሲሞክር በ32 ዓመቱ ሞተ።

በአገራችን ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» እያሉ የመናቅ ልማድ ነበረ። ከላይ ያየነው ታሪክ ግን እጅ የሚያውቀውን አእምሮ እንደሚያሰፋው፣ አእምሮ ያሰበውንም እጅ እንደሚፈትነው ያስረዳል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አሮጌ ሞተር ፈትቶ እጁ ዘይት ሆኖ ብታገኙት ከመቈጣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና መፍቻውን አቀብሉት። እኛም ተማሪዎች መጽሐፋችንን ስናጥፍ መሣሪያ ለማንሣት አንፈር።